ሴኖቴ፦ የከርሰ ምድር ውኃ መስኮት

በሜክሲኮ የካሪቢያን ባሕር ዳርቻ ለአንድ ቀን ዋና የሚወጣ ጎብኚ ወደ ውኃው ከመግባቱ አስቀድሞ የሚሰጠው የመጀመሪያ ትእዛዝ «ገላህን ታጠብ» የሚል ነው። ሊዋኝ ለመጣ ሰው ነገሩ ግራ ያጋባል። በጫካው መካከል በተተከለው መታጠቢያ ሥር ቆሞ የፀሐይ መከላከያ ቅባቱን፣ የትንኝ ማባረሪያውን፣ ሽቶውንና ላቡን ሁሉ አራግፎ ካልወጣ አስጎብኚው ወደ ደረጃው አያሳልፈውም። ጎብኚው የሚወርድበት ስፍራ የመዋኛ ገንዳ ቢሆን ኖሮ ትእዛዙ ተራ የንጽሕና ደንብ በሆነ ነበር። ስፍራው ግን ገንዳ አይደለም፤ እንደምናውቀው ዓይነት ሐይቅም አይደለም። የኖራ ድንጋይ ጣሪያ ተደርምሶ የከርሰ ምድር ውኃን ለዓይን የገለጠበት ጉድጓድ ነው። ሰዎች የሚዋኙበት ይህ ውኃ፣ ጥቂት ርቆ በሚገኝ መንደር ከጉድጓድ ተቀድቶ የሚጠጣው ውኃ፣ እንዲሁም በባሕሩ ዳርቻ ወደ ኮራል ሪፉ የሚፈስሰው ውኃ የአንድ ሥርዓት ክፍሎች ናቸው።

በዚህ ጽሑፍ በቱሉም ከተማ አካባቢ የተለመደውን የአንድ ቀን ጉብኝት ተከትለን፣ መነጽርና የመተንፈሻ ቱቦ ያጠለቀ ዋናተኛ በየደረጃው የሚያየው ነገር እንዴት እንደተፈጠረ ለማስረዳት እንሞክራለን። አንባቢም በሐሳብ አብሮን እንዲወርድ እንጋብዛለን፤ መታጠቡን ግን እንዳይዘነጋ።

ወንዝ የሌለበት አገር

የዩካታን ባሕረ ገብ መሬት ሰሜናዊ ክፍል እንደ ምጣድ ለጥ ያለ ሜዳ ነው። በምሥራቁ ዳርቻ በዓመት የሚዘንበው ዝናብ ከአዲስ አበባ ዝናብ የማያንስ ሲሆን ምድሩም በደን ተሸፍኗል። ይሁን እንጂ በዚህ አገር ቀኑን ሙሉ በመኪና የሚጓዝ መንገደኛ አንድ ወንዝ አያይም። ክረምት በገባ ቁጥር ወንዝ ሲሞላ እያየን ላደግን ሰዎች ይህ እንግዳ ነገር ነው። ያ ሁሉ ዝናብ የት ገባ?

መልሱ ከእግር በታች ነው። ባሕረ ገብ መሬቱ በሙሉ፣ በሚሊዮን በሚቆጠሩ ዓመታት ውስጥ፣ ሞቃትና ጥልቀት በሌለው ባሕር ወለል ላይ ከተከማቸ የባሕር እንስሳት ቅርፊትና ኖራማ ዝቃጭ የተሠራ ነው። ይህ ክምችት ጠንክሮ የኖራ ድንጋይ፣ ማለትም በአብዛኛው ካልሲየም ካርቦኔት ሆኗል። ድንጋዩ ቀዳዳና ስንጥቅ የበዛበት፣ በላዩ ያለው አፈርም ስስ በመሆኑ ዝናቡ በምድር ገጽ ላይ ለመፍሰስ ጊዜ አያገኝም፤ ወዲያው ወደ ታች ይሰርጋል። ወንዞቹ አሉ፤ የሚፈስሱት ግን ከመሬት በታች ነው።

በእንዲህ ዓይነቱ አገር ከተማ የሚቆረቆረው ጣሪያው በተቀደደበት ስፍራ ነው። የታወቀው የማያዎች ከተማ የቺቼን ኢትሳ ስም ትርጉሙ «በኢትሳዎች ጉድጓድ አፍ» ማለት ነው። በከተማው ሁለት ትልልቅ ሴኖቴዎች ይገኛሉ። ሽቶሎክ ከሚባለው ለኑሮ የሚያስፈልገው ውኃ ይቀዳ ነበር፤ 60 ሜትር ያህል ስፋት ያለው ሌላው ደግሞ ለዝናብ አምላክ ለቻክ መሥዋዕት የሚቀርብበት ነበር። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ ከዚሁ ከሁለተኛው ወለል ወርቅ፣ የጄድ ድንጋይ ጌጣጌጥና የሰው አጥንት ተጠርጎ ወጥቷል። የመጠጡን ከመሥዋዕቱ መለየታቸው ልብ ሊባል የሚገባው ነው።

ስለ ስሙም አንድ ነገር እንበል። «ሴኖቴ» የሚለውን ስፓኛውያን የወሰዱት ከማያ ቋንቋ ነው። በማያ ቋንቋ ቃሉ የሚጀምረው እንደ እኛ «ጸ» ባለ ፈንጂ ድምፅ ነው፤ «ጾኖኦት» ብንል ወደ አነጋገራቸው እጅግ እንቀርባለን። ስፓኛውያን በቋንቋቸው ይህ ድምፅ ስለሌለ «ሴኖቴ» አሉት፤ ዓለምም እነርሱን ተከተለ። እኛም ለመግባባት ስንል በዚሁ ስም እንጠቀማለን እንጂ አፋችንስ ለዋናው ስም የተዘጋጀ ነበር።

ውኃ ድንጋይን እንዴት ይበላል?

የዝናብ ጠብታ በአየር ውስጥ ሲወርድ ጥቂት ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይሟሟበታል። ብዙውን የሚያገኘው ግን በአፈር ውስጥ ነው፤ የዛፍ ሥሮችና ረቂቅ ተሕዋስያን ስለሚተነፍሱ በአፈር ውስጥ የሚገኘው የዚህ ጋዝ መጠን በአየር ውስጥ ካለው በብዙ እጥፍ ይበልጣልና። ጋዙ ከውኃ ጋር ሲዋሃድ ካርቦኒክ አሲድ ይፈጠራል። የአምቦ ውኃ ስንጠጣ ምላሳችንን ቆንጠጥ የሚያደርገን ይኸው ደካማ አሲድ ነው። ይህ አሲድ ካልሲየም ካርቦኔትን ሲያገኝ በውኃ ወደሚሟሟ ካልሲየም ባይካርቦኔት ይለውጠዋል። ድንጋይ የነበረው ነገር በዓይን የማይታይ ሆኖ ከውኃው ጋር ይሄዳል።

ሂደቱ ወደኋላም ይመለሳል። ኖራ የተሸከመው ውኃ ካርቦን ዳይኦክሳይዱን ሲያጣ የተሸከመውን ያራግፋል። ድሬዳዋ ወይም መቀሌ የኖረ ሰው በውኃ ማፍያው ውስጥ የሚጋገረውን ነጭ ቅርፊት ያውቀዋል፤ ሁለቱም ከተሞች የኖራ ድንጋይ በሚገኝበት ምድር ላይ ያሉ ናቸውና። በዋሻ ውስጥም እንዲሁ ነው፤ ከጣሪያ የሚንጠባጠበው ውኃ ጋዙን ወደ ዋሻው አየር ሲለቅ ኖራውን ጥቂት በጥቂት ያስቀምጣል። ከጣሪያው ቁልቁል የሚያድገው ስታላክታይት፣ ከወለሉ ሽቅብ የሚያድገው ደግሞ ስታላግማይት ይባላል። በባሌ የዌብ ወንዝ የኖራ ድንጋዩን ሰንጥቆ 15 ኪሎ ሜትር ያህል የሚጠማዘዘውን የሶፍ ዑመር ዋሻ የሠራውም በዚሁ ኬሚስትሪ እየታገዘ ነው። ልዩነቱ የዌብ ወንዝ ወደ ዋሻው ሲገባና ሲወጣ በዓይን መታየቱ ነው፤ የዩካታን ወንዞች ግን ተወልደው እስከሚሞቱ ከጣሪያ በታች ናቸው።

ጣሪያው ሲደረመስ

የመጀመሪያው ሴኖቴ ደረስን። ጎብኚው ከደኑ ጥላ ወጥቶ ድንገት በክብ ገደል አፋፍ ላይ ይቆማል። ከታች ሰማያዊ ውኃ፤ ከአፋፉ ደግሞ ከዋርካና ከሾላ ወገን የሆኑ ዛፎች ሥሮቻቸውን እንደ ገመድ ሜትሮች ቁልቁል ለቅቀው ውኃውን ነክተዋል። የቢሾፍቱን ሐይቆች የሚያውቅ ኢትዮጵያዊ «ይህንንስ አይቼዋለሁ» ሊል ይችላል፤ ክቡ አፋፍና ቀጥ ያለው ግድግዳ ይመሳሰላሉና። አፈጣጠራቸው ግን ለየቅል ነው። የቢሾፍቱ ጉድጓዶች ከታች በእሳተ ገሞራ ፍንዳታ ወደ ላይ የተፈነቀሉ ሲሆን፣ ሴኖቴ ግን ከላይ ወደ ታች የወደቀ ጣሪያ ነው።

ዋሻ ለረጅም ዘመን ሲሰፋ ጣሪያው ይሳሳል። ይሁን እንጂ ውኃ በሞላበት ዋሻ ውስጥ የሳሳ ጣሪያም ቶሎ አይወድቅም፤ ውኃው ይደግፈዋል። አንድ ሜትር ኩብ የኖራ ድንጋይ ወደ 2.5 ቶን ይመዝናል። በውኃ ውስጥ ሲጠልቅ ግን፣ በአርኪሜደስ ሕግ መሠረት፣ የገፋው ውኃ አንድ ቶን ያህል ስለሆነ በዚያው ልክ ይቀልላል፤ ይህም የክብደቱ 40 በመቶ ማለት ነው። አሁን ውኃው ወርዶ ዋሻው ቢደርቅ፣ ጣሪያው እስከዚያ ያልተሸከመውን ሸክም በአንድ ጊዜ ይሸከማል። በበረዶ ዘመናት የሆነው ይኸው ነው። የዓለም ውኃ ከፊሉ በየብስ ላይ በበረዶ መልክ ሲታሰር የባሕሩ ከፍታ ዝቅ አለ፤ ከባሕሩ ጋር የተያያዘው የከርሰ ምድር ውኃም አብሮ ወረደ፤ ድጋፍ ያጣው ጣሪያም በየስፍራው ተናደ።

ተመራማሪው ኤፍ. ጂ. ሆል እ.ኤ.አ. በ1936 ሴኖቴዎችን በቅርጻቸው ለይቷቸዋል። አንደኛው አንገቱ ጠባብ፣ ሆዱ ሰፊ ነው፤ እንስራን ማሰብ ይበቃል። ይህ ጣሪያው ገና በጥቂቱ የተቀደደ ወጣት ነው። አፉ እየሰፋ ሄዶ ግድግዳው ቀጥ ሲል በቺቼን ኢትሳ እንዳለው ሲሊንደር መሰል ይሆናል። ግድግዳው ተንዶ፣ ደለል ሞልቶት ተራ ኩሬ የመሰለው ሽማግሌው ነው። ሌላው ደግሞ በጎን በኩል የሚገባበት ዋሻ መሰሉ ነው። አስጎብኚዎች በአንድ ቀን ውስጥ ሁለት ወይም ሦስት ሴኖቴዎችን የሚያሳዩት ለመዝናኛ ብለው ቢሆንም፣ ጎብኚው ሳያውቀው የአንድን ጉድጓድ ወጣትነትና እርጅና በአንድ ቀን ያያል።

ጠፈር ድንጋዩ ቆፈራቸውን?

በመኪና ጉዞው ላይ ተደጋግሞ የሚነገር ታሪክ አለ፤ ሴኖቴዎቹን የቆፈራቸው ዳይኖሰሮችን ያጠፋው ጠፈር ድንጋይ ነው የሚል። ግማሽ እውነት ስላለው ልናርመው ይገባል።

እ.ኤ.አ. በ1980 ሉዊስ አልቫሬዝና ልጁ ዋልተር አልቫሬዝ ከባልደረቦቻቸው ጋር፣ ከ66 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት በተቀመጠ ስስ የሸክላ ንብርብር ውስጥ ያልተለመደ የኢሪዲየም ክምችት ማግኘታቸውን አሳወቁ። ኢሪዲየም በምድር ገጽ ላይ ብርቅ፣ በጠፈር ድንጋዮች ውስጥ ግን የተሻለ የሚገኝ ንጥረ ነገር በመሆኑ አንድ ግዙፍ አካል ከምድር ጋር ተጋጭቷል ብለው ደመደሙ። የቀረው ጉድጓዱን ማግኘት ነበር። ለሜክሲኮ የነዳጅ ድርጅት ይሠሩ የነበሩት ግሌን ፔንፊልድና አንቶኒዮ ካማርጎ በ1970ዎቹ መጨረሻ በዩካታን ዳርቻ የተቀበረ ክብ ቅርጽ በመሣሪያ አይተው ነበር፤ ግኝታቸው ግን በሰፊው ተቀባይነት ያገኘው በ1991 ነው። ጉድጓዱ ቺክሹሉብ ይባላል፤ ስፋቱ 180 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን ከፊሉ ከባሕር በታች ነው። በዚያው ዘመን ነው ተመራማሪዎች በሳተላይት ምስል ላይ በሜሪዳ ከተማ ዙሪያ ሴኖቴዎች በግማሽ ክበብ መስመር ተሰልፈው እንደሚገኙ፣ መስመሩም የተቀበረውን ጉድጓድ ጠርዝ እንደሚከተል ያስረዱት።

ነገር ግን ዛሬ ሴኖቴዎቹ የሚገኙበት የኖራ ድንጋይ ከግጭቱ በኋላ በላዩ የተነጠፈ ነው። ጠፈር ድንጋዩ ገና ያልነበረ ድንጋይ ሊበሳ አይችልም። ያደረገው ጠርዙ እንዲሰነጣጠቅና በላዩ የተነጠፈውም እኩል ባልሆነ መንገድ እንዲሰረጉድ ነው፤ የከርሰ ምድር ውኃም ስንጥቁን ተከትሎ ፈሰሰ፤ ድንጋዩንም በዚያ መስመር በላ። በቱሉም ዙሪያ ያሉትን በተመለከተ ደግሞ ከዚህ ክበብ እጅግ ርቀው የሚገኙ በመሆናቸው ታሪኩ አይመለከታቸውም። እነርሱን የሠራቸው የባሕሩ ቅርበት ነው፤ እንዴት እንደሆነ ጥቂት ቆይተን እናያለን።

ከውኃ በታች የተንጠለጠለ ምስክር

የጉብኝቱ ዋና ክፍል ብዙውን ጊዜ ዋሻ መሰል ሴኖቴ ነው። በቱሉም አቅራቢያ የሚገኘው ዶስ ኦሆስ፣ ማለትም «ሁለት ዓይኖች»፣ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። ጎብኚው የሕይወት አድን ጃኬቱን ታጥቆ፣ ፊቱን ውኃ ውስጥ ደፍቶ አስጎብኚውን ይከተላል። ውኃው በበጋም በክረምትም 25 ዲግሪ ሴልሺየስ ያህል ነው፤ የከርሰ ምድር ውኃ የአካባቢውን የዓመት አማካይ ሙቀት ይዞ ይቆያልና። ከሁሉ የሚያስደንቀው ጥራቱ ነው። ደለል የሚያመጣ ወንዝ የለም፤ ለዋቅላሚ ማደጊያ የሚሆን ንጥረ ምግብም ብርሃንም ጥቂት ነው። ስለዚህ ዓይን ሜትሮች አልፎ ያያል፤ ዋናተኛውም በውኃ ላይ ሳይሆን በአየር ላይ የተንሳፈፈ ይመስለዋል።

የመተንፈሻ ቱቦ የያዘ ሰው የሚሄደው ከውኃው በላይ አየር፣ ከኋላው ደግሞ መውጫ እስካለ ድረስ ብቻ ነው። ከዚያ ወዲያ በውኃ ውስጥ ማጭድ የያዘ አጽም የተሳለበት የማስጠንቀቂያ ሰሌዳ ቆሟል። በዋሻ ጠለቃ የሠለጠኑ እንኳ ገመድ ሳይዘረጉ አያልፉትም። ማስፈራሪያ ብቻ አይደለም፤ ጣሪያ ባለበት ውኃ ውስጥ የተደናገጠ ሰው ቀና ብሎ መተንፈስ አይችልም።

ዋናተኛው መብራቱን ወደ ታች ሲያበራ የስታላክታይት ደን ያያል፤ ከውኃው በታች፣ ሙሉ በሙሉ ሰጥሞ። እዚህ ላይ ቆም ብለን እናስብ። ስታላክታይት የሚያድገው ጠብታ በአየር ላይ ተንጠልጥሎ ጋዙን ሲለቅ ነው ብለናል። በውኃ ውስጥ ጠብታ የለም። ስለዚህ እያንዳንዱ የሰጠመ ስታላክታይት ይህ ዋሻ አንድ ጊዜ ደረቅ እንደነበረ የሚመሰክር ነው። ከ20,000 ዓመት ገደማ በፊት የባሕሩ ከፍታ ከዛሬው 120 ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ ነበር፤ ዛሬ ጠላቂዎች በመብራት የሚያዩዋቸው አዳራሾች ያኔ በእግር የሚኬድባቸው ነበሩ።

በእግርም ተሄዶባቸዋል። እ.ኤ.አ. በ2007 ጠላቂዎች ከቱሉም ብዙም በማይርቅ የዋሻ መረብ ውስጥ ሲጓዙ ወለሉ በድንገት ከሥራቸው ጠፋ፤ የጉድጓዱን ስያሜ «ኦዮ ኔግሮ»፣ ጥቁር ጉድጓድ፣ አሉት። በወለሉ ላይ የጠፉ እንስሳት፣ የግዙፍ ስሎዝ፣ የባለ ረጅም ክራንቻ ድመትና የዝሆን ዘመድ የሆነው ጎምፎቴር አጥንት ተበትኖ ተገኘ። በመካከሉም የአንዲት ልጅ አጽም ነበር። «ናያ» ብለው የሰየሟት ይህች ልጅ ስትሞት ከ15 እስከ 16 ዓመት ይሆናት ነበር፤ የኖረችውም ከ12,000 እስከ 13,000 ዓመታት በፊት መሆኑ እ.ኤ.አ. በ2014 በታተመ ጥናት ተገልጧል። በጨለማ፣ ምናልባትም ውኃ ፍለጋ፣ ስትሄድ ከገደሉ አፋፍ ወደቀች። በኋላ በረዶው ቀለጠ፤ ባሕሩ ወጣ፤ ስትፈልገው የነበረ ሊሆን የሚችለው ውኃ መጥቶ ሸፈናት። በአሜሪካ ምድር ከተገኙት እጅግ ጥንታዊና ያልተጓደሉ የሰው አጽሞች አንዱ የእርሷ ነው።

የእነዚህ የሰጠሙ ዋሻዎች ስፋት ገና ተለክቶ አላለቀም። እ.ኤ.አ. በ2018 መጀመሪያ ላይ ጠላቂዎች ሳክ አክቱን የተባለው የዋሻ ሥርዓት ከዶስ ኦሆስ ጋር የተያያዘ መሆኑን ሲያረጋግጡ የተለካው ርዝመት 347 ኪሎ ሜትር ደርሶ ነበር።

የጠገቡ ሁለት ውኃዎች

አሁን ወደ ባሕሩ ቅርበት እንመለስ። ከዝናብ የሚመጣው ጨው አልባ ውኃ ከመሬት በታች ከባሕር ከሚገባው ጨዋማ ውኃ ጋር ይገናኛል። አይደባለቁም ማለት ይቻላል፤ ቀላሉ በከባዱ ላይ ይንሳፈፋል። አንድ ሊትር የባሕር ውኃ ከአንድ ሊትር የዝናብ ውኃ 25 ግራም ያህል ይከብዳል። ከዚህ ቁጥር አንድ ወሳኝ ሕግ ይወጣል። ጨው አልባው ውኃ ከባሕሩ ወለል አንድ ሜትር ከፍ ብሎ ቢቆም፣ በንድፈ ሐሳብ ከባሕሩ ወለል በታች 40 ሜትር ይጠልቃል፤ 1,000 ለ25 ሲካፈል 40 ነውና። ሕጉ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ላይ ለየብቻቸው ባገኙት ሁለት ሰዎች ስም የጊበንና የኸርዝበርግ ሕግ ይባላል። ሕጉ በተቃራኒው ሲነበብ አስደንጋጭ ነው፤ በፓምፕ ብዛት ከላይ አንድ ሜትር ውኃ ቢጎድል፣ ከታች ጨዋማው 40 ሜትር ሊወጣ ይችላል። ወንዝ በሌለበት አገር ይህ የሚጠጣ ውኃ ጉዳይ ነው።

ሁለቱ ውኃዎች በሚነካኩበት ስስ ወሰን፣ ተመራማሪዎች ሃሎክላይን በሚሉት ስፍራ፣ ሌላ አስገራሚ ነገር ይደረጋል። ሁለቱም ውኃዎች ሊሸከሙት የሚችሉትን ኖራ ተሸክመው የጠገቡ፣ ከእንግዲህ ድንጋይ ሊያሟሙ የማይችሉ ሊሆኑ ይችላሉ። ሲቀላቀሉ ግን ድብልቁ እንደገና ይራባል። የሚሟሟው የኖራ መጠን ከካርቦን ዳይኦክሳይዱና ከጨዉ መጠን ጋር ያለው ዝምድና በግራፍ ሲሳል ቀጥ ያለ መስመር ሳይሆን ጎባጣ በመሆኑ፣ የሁለት የጠገቡ ውኃዎች ድብልቅ ተጨማሪ የሚሸከምበት ቦታ ያገኛል። ይህን የድብልቅ ኬሚስትሪ ለዋሻዎች አፈጣጠር ያዋለው ስዊዘርላንዳዊው አልፍሬድ ቦግሊ ነው፤ በ1960ዎቹ። በቱሉም ዳርቻ ያሉት ሰፋፊ ዋሻዎች የተበሉት በአብዛኛው በዚህ ወሰን ነው። ባሕሩ በየዘመኑ ሲወጣና ሲወርድ ወሰኑም አብሮ ስለሚንቀሳቀስ ዋሻዎቹ በተለያየ ጥልቀት ተሠርተዋል።

በጨለማ የሚኖሩ

ብርሃን ከሚያልቅበት ወዲያ ዓይንም ቀለምም የሌላቸው እንስሳት ይኖራሉ። ከእነርሱ መካከል ዓይነ ስውር ዓሦችና ሽሪምፖች ይገኛሉ። ሬሚፒድ የሚባል፣ መቶ እግር የመሰለ ትንሽ የውኃ እንስሳም አለ፤ እ.ኤ.አ. በ2013 መርዝ እንዳለው ታውቋል። እንዲህ ያለ ሕይወት የሜክሲኮ ብቻ አይደለም፤ በጎረቤታችን በሶማሊያ የከርሰ ምድር ውኃ ውስጥም ዓይነ ስውር ዓሦች ይኖራሉ። ፀሐይ በሌለበት ምን ይበላሉ? እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ ጥናት ከፊል መልስ ሰጥቷል። ከደኑ አፈር የሚመነጨው ሚቴን ጋዝና የሟሟ ቅጠላ ቅጠል ከውኃው ጋር ወደ ዋሻው ይወርዳል፤ ባክቴሪያዎች ይመገቡታል፤ ሽሪምፖቹም ባክቴሪያዎቹን። ስለዚህ ከላይ ያለውን ደን የመነጠረ ሰው ከታች ያሉትን አላየኋቸውም ብሎ ማምለጥ አይችልም።

ከቅባት የባሰ

ወደ መታጠቢያው ትእዛዝ ደርሰናል። በአሸዋማ ምድር የሚሰርግ ውኃ በአሸዋው ቅንጣቶች መካከል ቀስ እያለ ሲያልፍ ይጣራል። የዩካታን ድንጋይ ግን በዋነኛ መንገዶቹ ላይ ቧንቧ እንጂ ወንፊት አይደለም። በዋሻዎቹ ውስጥ ውኃው በአንድ ቀን ከኪሎ ሜትር በላይ ሊጓዝ ይችላል፤ ከላይ የፈሰሰው ነገር ሳይጣራ ይደርሳል። በብዙ የፀሐይ መከላከያ ቅባቶች ውስጥ የነበረው ኦክሲቤንዞን የተባለው ኬሚካል የኮራል እጮችን እንደሚጎዳ በቤተ ሙከራ ታይቷል። ስለዚህ ደንቡ ተገቢ ነው፤ እጅጌው ረጅም የሆነ ሸሚዝ ለብሶ መዋኘትም ከማናቸውም ቅባት ይሻላል።

ይሁን እንጂ በዚህ ጸሐፊ አስተያየት የቅባቱ ደንብ ትንሹን ጥፋት ስለሚያሳይ ትልቁን የመሸፈን ጠባይ አለው። ጎብኚው ማለዳ ታጥቦ ሴኖቴ ይገባል፤ ማታ ያደረበት ሆቴል ፍሳሽ ግን የት እንደሚሄድ አይጠይቅም። እ.ኤ.አ. በ2011 በታተመ ጥናት ከዳርቻው ዋሻዎች በተወሰደ ውኃ ውስጥ የመድኃኒት፣ የአደንዛዥ ዕፅና የፀረ ተባይ ቅሪት ተገኝቷል። እነዚህ ከዋናተኛ ቆዳ የሚታጠቡ አይደሉም። በከተማና በመንደር ከፍሳሽ መስመር ጋር ያልተገናኙ ቤቶች ብዙ ናቸው፤ ጉድጓዳቸውም የሚያንጠባጥበው ወደዚያው ድንጋይ ነው።

በሜሪዳ አቅራቢያ ያለችው ኦሙን በሴኖቴዎቿ የምትታወቅ የማያ ከተማ ናት። በአካባቢዋ 49,000 ያህል አሳማ የሚይዝ እርባታ ሲከፈት ነዋሪዎቹ በልጆቻቸው ስም ፍርድ ቤት ቀረቡ፤ በ2018 ሥራው እንዲታገድ ተወሰነ፤ የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም በ2021 እገዳውን አጸናው። ክርክሩ ስለ ጎብኚ ገቢ ብቻ አልነበረም፤ ከላይ የፈሰሰው ሁሉ ከታች እንደሚገናኝ ሕዝቡ ያውቅ ነበር። በ2023 መጨረሻ በከፊል አገልግሎት የጀመረው የማያ ባቡር መስመርም ተመሳሳይ ሙግት አስነሥቷል። ከፕላያ ዴል ካርመን ወደ ቱሉም በሚወስደው ክፍል ላይ መስመሩን የሚሸከሙ የብረት ምሰሶዎች የዋሻዎችን ጣሪያ በስተው እስከ ወለሉ ወርደዋል፤ ጠላቂዎች በስታላክታይቶች መካከል የቆሙትን ምሰሶዎች ፎቶግራፍ አንሥተው ለሕዝብ አሳይተዋል። በሳሳ ጣሪያ ላይ ስለሚጫን ክብደት ከላይ ያልነውን አንባቢ ያስታውሳል።

የቀኑ መጨረሻ ብዙውን ጊዜ ከባሕሩ ዳር ነው፤ ካሳ ሴኖቴ በተባለው የማንግሮቭ ዛፎች በከበቡት ውኃ፣ ወይም በአኩማል በሚገኘው በያል ኩ። እዚህ የከርሰ ምድሩ ወንዝ ከድንጋዩ ወጥቶ ከባሕሩ ጋር ይገናኛል። ዋናተኛው ፊቱን ሲደፋ በመጀመሪያ ዓይኑ የታመመ ይመስለዋል፤ ሁሉ ነገር ይርገበገባል፤ ስኳር በብርጭቆ ሻይ ሲሟሟ ከሥሩ እንደሚታየው። መነጽሩ አልደከመም። በወሰኑ ላይ ጨዋማውና ጨው አልባው ሲደባለቁ ብርሃን በየአቅጣጫው ይሰበራል። ቱቦውን ዘግቶ አንድ ክንድ ያህል ቢጠልቅ እይታው ይጠራል፤ ውኃውም ትንሽ ይሞቃል፤ ከንፈሩ ላይ ጨው ይቀምሳል። ከላዩ የሚያልፈው ቀዝቃዛ ውኃ ግን በደኑ ላይ ዘንቦ፣ በጨለማ ተጉዞ የመጣው ነው፤ ከማዶ ወደሚታየው ነጭ የማዕበል መስመር፣ ወደ ኮራሉ፣ ይፈስሳል።